አራት ሳጥን፣ አምስት ሳጥን

ዕድሜዬን ከካውያና ከሽቦ ጋር ጨረስኩ። ዛሬ በገዛ ቤቴ ኮሪደር ላይ የተሰቀለች መዳፍ የማትሞላ ስክሪን ማንበብ አቅቶኝ ቆሜያለሁ። የልጅ ልጄ ነው የሰቀላት። «አባባ፣ ታንከሩ ውስጥ ውኃ መኖሩን ለማየት ከእንግዲህ መሰላል አይወጡም» አለኝ። መሰላል ማን ወጣ? ታንከር በጣት አንኳኩቶ ድምፁን ማዳመጥ እኮ ነው!

እኔ የጀመርኩት 8051 በምትባል ቺፕ ነው። በሆዷ የነበረው ራም 128 ባይት። ሺህ አላልኩም፤ አንድ መቶ ሃያ ስምንት። በዚያችው ሞተር እናስነሳለን፣ መብራት እናጠፋለን፣ ይተርፈናል። የልጁ ስክሪን 320 በ240 ነጥብ ናት፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ባይት። አንድ ሥዕል ብቻ ለመያዝ 153,600 ባይት! «አይ አባባ፣ ሙሉውን አንይዝም» አለኝና ኤልቪጂኤል የሚባል ላይብረሪ አሳየኝ። አንድ የሃንጋሪ ሰው በ2016 ጀምሮ በነፃ የለቀቀው ነው። የሥዕሉን አንድ አሥረኛ ያህል ቦታ ከሰጡት፣ በአንዲት ገበቴ ጭቃ እያመላለሰ ቤት እንደሚመርግ ሰው፣ ቁራሽ በቁራሽ ስሎ ይጨርሰዋል። እውነት ለመናገር እዚህ ላይ ልቤ ራርቶ ነበር። ቆጣቢ ሰው እወዳለሁ።

የቆጠበውን ምን ላይ እንዳዋለው ሳይ ነው የተናደድኩት። በተኑ ጥላ አለው። ጥላ! ፀሐይ ገብቶበት በማያውቅ ኮሪደር ውስጥ በተን ጥላ ምን ያደርግለታል? ሲነኩት ደግሞ እንደ ተኮረኮረ ሕፃን ይሰበሰባል። ከላዩ ሰማያዊ ውኃ ይናወጣል። ቧንቧችን በሳምንት ሁለት ቀን ከመጣ ስለት የሰመረ ያህል ነው፤ የስክሪኑ ውኃ ግን ሌት ተቀን ሲናወጥ ያድራል።

ከሥሩ ደግሞ ሁለት ሳጥን፣ ክፍተት፣ ሁለት ሳጥን።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አማርኛው ነው አባባ።»

ሳያፍር! ፎንቱ ውስጥ የኛ ፊደል የለም፤ ላይብረሪው ደግሞ የማያውቀውን ፊደል በባዶ ሳጥን ይተካል። «ውኃ አለ» ማለቱ ነበር። ባለቤቴ ግን ሳምንት ሳይሞላ አነበበችው። አራት ሳጥን ከሆነ ውኃ አለ፣ አምስት ከሆነ ውኃ የለም። ፊደል መቁጠር ሲባል የሰማሁትን በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እኔ እኮ ይህን ጦርነት ድሮ ተዋግቼዋለሁ። የሂታቺ ኤችዲ44780 ቺፕ ያለባት፣ ሁለት መስመር በአሥራ ስድስት ፊደል የምታሳይ አረንጓዴ ስክሪን ነበረችኝ። እንግሊዝኛ ታውቃለች፣ የጃፓን ካታካና ሳይቀር ታውቃለች። ለሌላው ሕዝብ ሁሉ የተተወው ስምንት ባዶ ቦታ ነው፤ አንዱ ፊደል አምስት በስምንት ነጥብ፣ ሁሉም ተደምሮ 64 ባይት። አንድ ባለ ሱቅ «እንኳን ደህና መጡ» ጻፍልኝ አለኝ። ቆጠርኩ። «ን» ሁለቴ ስለምትመጣ ልክ ስምንት! እግዜር የለም የሚል ይምጣ። «ኳ» ግን በአምስት ነጥብ ስፋት አልገባም ብላ ሌሊቱን አስነጋችብኝ።

በማግስቱ ሰውዬው «ደህና ሁኑ»ም ጨምርልኝ አለ። «ሁ»ንና «ኑ»ን የት ላስገባ? በ«እ» እና በ«ን» ቦታ ላይ ጻፍኳቸው። ያቺ ቺፕ ደግሞ ቦታው ሲለወጥ አስቀድሞ የተጻፈውንም እዚያው ትለውጣለች። እንግዳው ቀና ሲል «ሁኑኳኑ ደህና መጡ» ይላል። ባለ ሱቁ እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ «ሁኑኳኑ» ነው የሚለኝ።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩትና፣ «እኔ በ64 ባይት አማርኛ ጻፍኩ፤ አንተ አራት ሜጋ ባይት ይዘህ ሳጥን ትደረድራለህ! ፊደላችን ዩኒኮድ ከገባ እኮ ከ1999 ጀምሮ ነው፤ ከኮድ ቁጥር 1200 እስከ 137ኤፍ ተደርድሮ ተቀምጧል» አልኩት። በአሥራ ስድስት ነጥብ፣ ጠርዙ ለስልሶ ቢሣል እንኳ አንዱ ፊደል ከ128 ባይት አይበልጥም፤ ከሦስት መቶ በላይ የሆነው ሁሉ ተደምሮ 50 ሺህ አይሞላም። ራሱን አከከ። ፎንት መቀየሪያው ላይ ሁለቱን ቁጥሮች ጻፈ፣ ቺፑ ላይ ጫነው። አቦሉ ሳይቀዳ አለቀ።

አቦሉ ሳይቀዳ! የኔ ሌሊት እንዲህ መና ቀረ።

«እስቲ ኳን ጻፍልኝ» አልኩት። ጻፋት። ሙሉ እግሯን ዘርግታ ቆመች። ብዙ አየኋትና «ትንሽ ወፍራለች» አልኩት።

ይህን ስል የታንከሩ መልእክት ከግራ እየተንሸራተተ ገባ፤ መንሸራተቱን አልተወም። ጥርት ባለ አማርኛ «ውኃ የለም» ይላል። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች፣ ጠጋ ብላ በጣቷ ቆጠረች። «አምስት» አለችና ጀሪካኑን አቀበለችኝ።