በሽታውን የተናገረ መድኃኒቱ ብዙ ነው

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት አባቶቻችን አልተሳሳቱም። በሽታውን የተናገረ ሰው መድኃኒቱን ሁሉ የት እንደሚያስቀምጠው ግን ሳይነግሩን አለፉ። ስኳር እንደተገኘብዎት ቡና ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ያውሩ፤ ሳምንት ሳይሞላ ቤትዎን የሽፈራው ቅጠል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የአብሽ ዱቄትና ስሙ የማይነገር ሥር ይሞላዋል። ከእነዚህ አንዱን በማር ለውሰው ጠዋት በባዶ ሆድዎ እንዲወስዱ ይታዘዛሉ። በማር! ለስኳር!

ይህ ምክር የተጻፈው ስኳር አለብዎት ከተባሉ ገና ብዙ ላልቆዩት ለእርስዎ ነው። የደም ግፊት፣ የአስም፣ የሪህ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸውም የበሽታውን ስም እየለወጡ ሊገለገሉበት ይችላሉ። ሐኪሙ ስለ ምግብዎ፣ ስለ ዓይንዎ፣ ስለ እግርዎ ጥፍር ሳይቀር አስተምሮዎታል። ጠያቂ ሲመጣ ምን እንደሚመልሱ ግን አላስተማረዎትም። ከእሱ ጋር የሚገናኙት በቀጠሮ ነው፤ ከጠያቂው ጋር ግን በየቀኑ፣ ያለ ቀጠሮ ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ጤናህስ?» የሚልዎት ሰው ሰላም እያለዎት ነው እንጂ እየጠየቀዎት አይደለም። መልሱም ከጥንት ጀምሮ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፦ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ»። የዚህን ያህል ሁለገብ የጤና ሪፖርት እስካሁን አልተገኘም። ስኳርዎ 110 ሲሆንም ይመስገን ነው፣ 340 ሲሆንም ይመስገን ነው። ውሸት የለበትም፣ ምሥጢር አያወጣም፣ ጠያቂውንም ከታክሲ ሰልፍ አያስቀረውም። አዳዲስ ታማሚዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የእውነት የተጠየቁ መስሏቸው «ዛሬ ጠዋት በባዶ ሆዴ 187 ነበር፣ ትናንት ማታ ግን…» ብለው ይጀምራሉ። ሰውየው አንድ እግሩን ሚኒባሱ ላይ ሰቅሏል።

በነገራችን ላይ፣ ቁጥር ለሕዝብ አይነገርም። ለአብዛኛው አዋቂ ታማሚ የሚመከረው የባዶ ሆድ ልኬት ከ80 እስከ 130 ባለው ውስጥ እንዲሆን መሆኑን እርስዎና ሐኪምዎ ታውቃላችሁ፤ ይበቃል። አደባባይ ላይ ቁጥር ቁጥርን ይጠራል። እርስዎ 187 ሲሉ አጠገብዎ ያለው «ምን አላት! የኔ እናት 400 ገብቶባት ነበር» ይላል። ከኋላ የተቀመጠው 500 ያነሳል። ብዙዎቹ የስኳር መለኪያ ማሽኖች ከ600 በላይ ሲሆን ቁጥር መጻፍ ትተው «ሃይ» ብቻ ስለሚሉ፣ ጨረታውን የሚያሸንፈው «ሃይ» የተባለ ዘመድ ያለው ነው። የእርስዎ 187 ታሪክ ሳይሆን ቀረ።

ሁለተኛው ጥያቄ በድምፁ ይለያል። ጠያቂው ወደ ጆሮዎ ጠጋ ብሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ያ ነገርስ?» ይላል። እየጠየቀ መልክዎንም ይመረምራል። ከሱ ከተባሉ በሽታው ጎድቶዎታል። ወፈሩ ከተባሉ መርፌው አሳብጦዎታል። እንደነበሩ ከሆኑ ደግሞ «ውስጥ ለውስጥ ነው የሚበላው» ይባላል። ለዚህ ሁሉ «ለምደነው እየኖርን ነው» የሚለው መልስ ይበቃል። ረዘም ያለ ነገር ካከሉ ግን ተከታዩን ጥያቄ የጋበዙት ራስዎ ነዎት፦ «ጣፋጭ ታበዛ ነበር እንዴ?»

እዚህ ላይ የማስተማር ፍላጎት ያድርብዎታል። ይታገሉት። ዓይነት አንድ የሚባለው ስኳር የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆሽት አጥቅቶ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት ሲያወድም የሚመጣ መሆኑን፣ ከረሜላ እጁ እንደሌለበት ማስረዳት ይችላሉ። ዓይነት ሁለት ላይ ዘር፣ ክብደት፣ ዕድሜና የእንቅስቃሴ ማነስ ድርሻ እንዳላቸውም ይዘረዝሩ ይሆናል። ጠያቂው በጥሞና ሰምቶዎት ሲያበቃ «እሱስ ልክ ነህ፤ ለስላሳ ግን ትወድ ነበር» ይላል። በዚህ ቆሽትዎን አያሳርሩ፤ ቀድሞውንም የተረፈዎት ጥቂት ነው።

«መርፌ ጀመርክ?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ እጅ ደረት ላይ ተደርጎ የሚጠየቅ ነው። በብዙ ሰው ዘንድ ክኒን የበሽታው መጀመሪያ፣ ኢንሱሊን ደግሞ የመጨረሻው ደጃፍ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ዓይነት አንድ ስኳር ለያዘው ልጅ ሐኪም ሊያደርግለት የሚችለው ነገር ቢኖር ምግብ እየቀነሱ ሞቱን ጥቂት ማዘግየት ነበር። በጥር 1922 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ታዳጊ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ ተወጋ፤ ሊሞት የተቃረበው ልጅ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ድንቅ ታሪክ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ለጠያቂ ግን እንዳይነግሩ። «እና ሞተ ማለት ነው?» ነው የሚሉዎት።

ከሁሉ የሚከብደው በቃል የማይመለሰው ጥያቄ ነው። ቡና ተጠርተዋል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሲኒው ረከቦቱ ላይ ተደርድሯል። የቤቱ እመቤት ስኳሩን የሚጨምሩት ቡናው ከመቀዳቱ በፊት ነው፤ ለሁሉም ሁለት ሁለት ማንኪያ፣ አድልዎ የለም።

«እትዬ፣ የኔ ያለ ስኳር ይሁን።»

«ምነው ልጄ?»

«ስኳር አለብኝ እኮ።»

«ውይ በሞትኩት! ረስቼው እኮ ነው» ይሉና አንዱን ማንኪያ ጨልፈው ወደ ዕቃው ይመልሳሉ። ሁለተኛውን ይተዉታል። «ይቺ እንኳ አፍህን ታጣፍጥልህ እንጂ ምን ታመጣለች?»

«ሐኪም ከልክሎኛል» አይበሉ። ሐኪሙ እዚያ የለም፤ እትዬ ግን አሉ፣ ጀበናውም በእጃቸው ነው። ደግሞስ እሳቸው ስንት ሐኪም ቀብረዋል! ከተከራከሩ «በሞቴ» ይመጣል፤ «በሞቴ» ከመጣ በኋላ እምቢ ማለት ደግሞ ሰውየውን ሙት እንደማለት ይቆጠራል። ሲኒውን በሁለት እጅዎ ይቀበሉ፣ ያመስግኑ፣ ማንኪያ የሚባል ነገር ሳያስጠጉ ከላይ ከላዩ ፉት ይበሉ። ካልተማሰለ ከስኳሩ ከፊሉ ከሥር ይቀራል። ፍጹም ዘዴ አይደለም፤ ለቶናው ግን ቀድመው ሲኒዎን ራስዎ ካቀረቡ ያለ ስኳር ሊቀዳልዎት ይችላል። እትዬ የባላገሩን ልማድ የሚያውቁ ከሆነ «ጨው ላድርግልህ ታዲያ?» ይሉዎታል፤ ግፊትም እንዳለብዎት የሚናገሩበት ጊዜ ያ አይደለም። ስለ ጉርሻ ብዙ አልልም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው የግድ ነው፣ የአጉራሽ እጅ ደግሞ በግራም አይለካም።

ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ይጠንቀቁ። እዚያ የሚነገርዎት ሁሉ «በዚሁ ባንተው በሽታ» ብሎ ይጀምርና እግር በመቆረጥ ወይም ዓይን በመጥፋት ያበቃል። ተራኪው ሊያስፈራራዎት ፈልጎ አይደለም፤ ስለ እርስዎ ማሰቡን የሚገልጽበት ሌላ ታሪክ ስላጣ ነው። መሀል ላይ «ነፍስ ይማር» ይበሉ። ባለታሪኩ በሕይወት ያለ ከሆነ ተራኪው ይደነግጣል፣ ማስተካከያ ይሰጣል፣ ወሬውም በዚያው መንገዱን ይስታል።

ውጭ አገር ያለው ዘመድ የተለየ ጥያቄ አለው፦ «ምን ልላክልህ?» የአገራችን ወግ «ምንም አያስፈልግም፣ አንተ ብቻ ደህና ሁን» ማለት ነው። ለዚህ ጥያቄ ግን ይሉኝታዎን ይተዉት፤ ዝም ካሉ ማሽን ይላክልዎታል። የሚያምር ማሽን ነው፣ ቦርሳም አለው። ከሳጥኑ ጋር የመጡት የመመርመሪያ ስትሪፖች ሲያልቁ እሱን የሚገጥም ስትሪፕ ከመርካቶ እስከ ቦሌ ፋርማሲውን ሁሉ ቢያስሱ ላያገኙ ይችላሉ። እዚህ የሚሸጠውን ስትሪፕ ሳጥን ፎቶ አንስተው ይላኩለትና «ይህንኑ፣ ከዚህ ሌላ ምንም» ይበሉት። ማሽኑ ከአውሮፓ ከሆነ ሌላም ጣጣ አለው። አሜሪካኖቹና እኛ በሚሊግራም ስንለካ እንግሊዝና ስዊድን በሚሊሞል ይለካሉ፤ የእነሱ 7.2 በእኛ 130 ገደማ ነው፣ በ18 ይባዛል። ይህን ያልሰሙ ቤተሰቦች ከስቶክሆልም የመጣው ማሽን 7 ብሎ ሲያነብ «ስኳሩ ሰባት ገባ! ዳነ!» ብለው ዘመድ አዝማድ ሊጠሩ ይችላሉ። እርስዎ ግን ድግሱን ሳይሆን ማባዣውን ያስታውሱ።

«ፀበል ግባና መድኃኒቱን ተው» የሚልዎት ሰው ሲመጣ ቀልዱ ይቁም። ዓይነት አንድ ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን ካቋረጠ በቀናት ውስጥ ለሞት ሊበቃ ይችላል። ሆኖም እምነት ላይ አይከራከሩ፤ ከፍ ያለ ሥልጣን ይጥቀሱ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሰዎች ለፀበል ብለው ይተዉ በነበረበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ከፓትርያርክ በላይ ነኝ የሚል መካሪ እስካሁን አልገጠመኝም። «ለምን አትጾምም?» ላለዎትም «የነፍስ አባቴ ያውቃሉ» ይበሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም።

ይህን ሁሉ ትምህርት ጠንቅቀው ከያዙ በኋላ የሚገጥምዎት አደጋ የተማሩትን ያለቦታው ማዋል ነው። ቀጠሮዎ ይደርሳል፣ ተራዎ ይጠራል፣ ሐኪሙ ከካርድዎ ቀና ብሎ «እንዴት ነህ?» ይላል። እርስዎም እንደለመዱት «ይመስገን ዶክተር፣ ደህና ነኝ»። እግርዎ ማታ ማታ እንደሚደነዝዝ ለሠፈሩ ሁሉ ተናግረዋል፤ ሊጠይቅዎ ደመወዝ ለሚከፈለው ለዚህ አንድ ሰው ግን ጨዋነት ይይዝዎታል። ሁለት ቀን ከዳቦና ከለስላሳ ርቀው በመሄድ ቢያታልሉትም ኤ ዋን ሲ የሚባለው ምርመራ አይታለልም። ስኳር ከደም ቀይ ሕዋስ ጋር ይጣበቃል፤ ሕዋሱ ደግሞ አራት ወር ያህል ስለሚኖር የሁለት ሦስት ወሩን ሁሉ ይናገርብዎታል። ለአብዛኛው አዋቂ ከ7 በመቶ በታች ሲሆን ደግ ነው። አፍዎ ይመስገን እያለ ደምዎ 10 ሲል ሐኪሙ ማንን ያምናል?

ከሐኪሙ ሌላ አንድ ሰው እውነቱን ሙሉ ለሙሉ ሊያውቅ ይገባል፤ ባልዎ ወይም ሚስትዎ፣ ወይም ቢሮ ውስጥ ጎንዎ የሚቀመጥ ሰው። ምክንያቱ ይህ ነው። ስኳር ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ይሄዳል። ከ70 በታች ሲወርድ ያልብዎታል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ያለምክንያት ይቆጣሉ፣ የሚናገሩት ይምታታል። በዚያን ሰዓት የሚያድነዎት ራሱ ስኳር ነው። አካባቢዎ ያለው ሰው ሁሉ ግን «የስኳር በሽተኛ ነው፣ ስኳር እንዳይነካ!» የሚለውን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሲኒዎ ውስጥ ማንኪያ ሲጨምር የኖረው ሠፈር ያን ቀን በሥነ ሥርዓት ይከለክልዎታል። እትዬንም ቢሆን ጠርተው ያስረዷቸው፤ ስኳር ይዘው ሲጠብቁ ኖረዋል፣ የሚያስፈልግበትን ሰዓት ብቻ ይንገሯቸው። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ነው፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ያህል ለስላሳ፤ ስኳር የሌለበት የሚባለው አይሠራም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል፤ ካልወጣ ይደገማል። ራስዎን ከሳቱ ግን አፍዎ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።