ቆጥ የሌለው የዶሮ ቤት

ኧረ የዶሮ ነገር! መካነ ሰላም ከተማ ውስጥም ሆነ ወጣ ብሎ ባለው የቦረና ገጠር ዶሮ የሚያረባ ሰው ሲገናኝ ወሬው አንድ ነው፤ መኖ ተወደደ፣ ፈንግል ገባ፣ ጫጩቱ አለቀ። ይህን እሮሮ የሚሰማ አይጠፋም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው የቆጥ ጉዳይ ነው።

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 አርባ ምንጭ ላይ ከተጀመረ ወዲህ ስለ መኖው፣ ስለ ክትባቱ፣ ስለ ውኃ መጠጫው ብዙ ተነግሮናል። ቤቱ ሲሠራ ግን አናጢው ቋሚውን ያቆማል፣ ቆርቆሮውን ይመታል፣ በሩን ገጥሞ ሒሳቡን ይቀበላል። «ቆጡስ?» ስንለው «ጭድ ጎዝጉዙላቸው» ብሎን ይሄዳል። በአያቶቻችን ጎጆ ከማገሩ ጋር የታሰረ እንጨት አይጠፋም ነበር፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአበሻዋ ዶሮ ማንም ሳይጠራት ትወጣለች፣ ሸለምጥማጡም በቀላሉ አያገኛትም። ለገዛናቸው የፈረንጅ ዶሮዎች ይህን ማሰብ እንዴት አቃተን?

የ45 ቀን ጫጩት ስንረከብ እንጨት የሚባል ረግጠው አያውቁም። ያደጉት ሜዳ ወለል ላይ ነው። ጫጩት ደግሞ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝቅ ያለ እንጨት ካልለመደች አድጋ መውጣቱ ይከብዳታል። ማታ የደጋው ብርድ ሲመጣ ጥግ ይዘው ይደራረባሉ፤ ከታች ያሉት ታፍነው ያድራሉ፤ ጠዋት የእኛ ሥራ የሞተውን መልቀም ነው። ስንቶቻችን ነን በባትሪ እያበራን አንድ በአንድ አንስተን እንጨቱ ላይ የምናስቀምጥ! ዘወር ስንል ወርደው እዚያው ጥግ ናቸው። በማግስቱ ማታ እንደገና። ወገብ አይችለውም።

ቆጥ ተሠራ የተባለበት ቤትም ቢሆን እፎይ አያሰኝም። ባሕር ዛፉ ቅርፊቱ ሳይላጥ ይመታል፤ መዥገሩ ቀን እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ማታ ወጥቶ ደማቸውን ይመጥጣል። አንዱ እንጨት ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል፤ ሁሉም የላይኛውን ለመያዝ ሲናከሱ ያመሻሉ፣ ተሸንፋ ከታች የቀረችው ኩስ ሲወርድባት ታድራለች። አንዳንዱማ ከጣሪያው ሥር ይሰቅለዋል። የፈረንጅ ዶሮ ከባድ ናት፤ ከዚያ ስትዘል እግሯን ወይም የደረት አጥንቷን ትጎዳለች። ዶሮ ቁጢጥ ስትል የእግሯ ጅማት ጣቶቿን ስቦ እንጨቱን ያስጨብጣታል፤ እንቅልፍ ወስዷትም የማትወድቀው ለዚህ ነው። ታዲያ የምትጨብጠው ነገር ልክ መሆን አለበት። አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የተላጠ፣ የሚስማር ጫፍ ያልወጣበት እንጨት፣ ከወለሉ ከጉልበት ብዙ ሳይርቅ፣ ሁሉም በአንድ ከፍታ። ይኸው ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለአንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ቆጥ ይገባታል ብሏል፤ በሁለት እንጨቶች መካከል 30፣ ከግድግዳው ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር እንዲራቅ ያዛል። በዚህ ልክ ብንሄድ ለ20 ዶሮ የሚያስፈልገው 3 ሜትር ነው። አንድ አጣና! ለዚያ ሁሉ ቆርቆሮ ገንዘብ ያወጣን ሰዎች በአንድ አጣና እንዲህ እንሰቃይ?

ክረምት ሲገባማ አይነሣ። ሐምሌና ነሐሴ ጉዝጓዙ አይደርቅም፤ ዶሮዎቹ ኩሳቸው ላይ ተኝተው ያድራሉ፤ ጠዋት በሩን ስንከፍት ሽታው ዓይን ያቃጥላል። እርጥቡ ላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይነሣል። እንቁላሉ ቆሽሾ ይወጣል፣ ገበያ ላይ ገዢው አገላብጦ አይቶ ይመልስልናል፣ ወይ ዋጋ ይሰብርብናል።

ጫጩት አሳዳጊዎች ሆይ፣ ከማሞቂያው አጠገብ አንድ ዝቅ ያለ እንጨት አኑሩላቸው፤ ለምደው ይምጡልን። አናጢዎችም ዋጋ ስትነግሩን ቆጡን አብራችሁ ቁጠሩት፤ እንከፍላለን።