ወንጌል ቡስት ሲደረግ

የዛሬ ሰባኪ ቃሉን ከመክፈቱ በፊት ትእዛዝ ያወርዳል፦ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ሼር አድርጉ፣ ደወሏን ተጫኑ። ትእዛዛቱ ከዐሥርቱ በቁጥር ያንሳሉ፤ ለመፈጸምም አያደክሙም። ባልንጀራን መውደድ ዕድሜ ይፈጃል፣ ቪዲዮ መውደድ ግን በአንድ ጣት ያልቃል። ከሥሩ «አሜን ሳትሉ እንዳታልፉ» ከተባለበትማ ጽድቁ ተጠናቀቀ። ይህን የመሰለ ቀሊል ቀንበር ያመጣልንን ዲጂታል ማርኬቲንግ የማያመሰግን ሰው ልበ ደንዳና መሆን አለበት።

እኛ የሲግናል ሰፈር ሰዎች በዚህ ረገድ ወደ ኋላ ቀርተን ነበር። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የማኅሌቱ ድምፅ ማጉያ ይቀሰቅሰናል። እሑድ ረፋድ ከማዶ የወንጌላውያኑ ኪቦርድና ድራም ይረከባል። ወር በገባ በ12 ወደ የካ ሚካኤል የሚወስደው መንገድ በነጠላ ይነጣል። ከሾላ እስከ መገናኛ ደግሞ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ሥዕል ይዘው «የበረከቱ ተካፋይ ይሁኑ» ከሚሉት ታክሲ ጠባቂ አያመልጥም። ይህ ሁሉ ሆኖ እዚህ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ያልሰማ ሰው ከተገኘ መጀመሪያ መወሰድ ያለበት ጆሮ ሐኪም ዘንድ ነው። የማርኬቲንግ ባለሙያዎቹ ግን «ሪቻችሁ ዝቅተኛ ነው» አሉን፤ የሚያያችሁ ሰው ጥቂት ነው ማለታቸው ነው።

እስቲ አንድ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ አስቡ። «አባቶቼ፣ ታርጌት ኦዲየንሳችሁ ማነው?» ይላል ወጣቱ አማካሪ ላፕቶፑን ከፍቶ። መምሬ ጥቂት ያስቡና «ኃጥኣን ናቸዋ፣ ልጄ» ይላሉ። ልጁ ይጽፋል። «ዕድሜያቸውስ?» «ነፍስ ካወቁበት ጀምሮ እስኪሞቱ።» «ይሄ በጣም ሰፊ ነው አባ፣ ባጀት ይበላል። ከ18 እስከ 35 እናድርገው።» በዚህ መሠረት ከ35 ዓመት በላይ ያለው ኃጥእ እስከሚቀጥለው ሩብ ዓመት በትዕግሥት እንዲጠብቅ ይወሰናል። «ፍላጎታቸውስ?» ሲባል ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ፌስቡክ ራሱ ከጥር 2014 ዓ.ም. ወዲህ አስተዋዋቂ ሰውን በሃይማኖቱ እየለየ እንዳያነጣጥር ምርጫውን ከዝርዝሩ አውጥቶታል። የፌስቡክ ባለቤቶች እንኳ የተሸማቀቁበት ነገር መኖሩ ይገርማል። ልጁ ግን ዘዴ አያጣም፤ «አርሰናል» የሚለውን ይመርጣል። የአርሰናል ደጋፊ መጽናናት ይፈልጋላ!

የፌስቡክ ማስታወቂያ ክፍያው በዶላር ነውና በብር ተቀብሎ ቡስት የሚያደርግ ሰው ከቴሌግራም ይፈለጋል። ከሙዳየ ምጽዋት የወጣው ብር በዚህ በኩል ዞሮ ካሊፎርኒያ ይገባል። የመበለቲቱ ሁለት ሳንቲም ይህን ያህል መንገድ ይሄዳል ብሎ ማን አሰበ?

አባቶቻችን ማስታወቂያ ጨርሶ አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሳንቲሙ ላይ ጨረቃውን አንሥቶ መስቀል ሲያትም ሎጎ መቀየሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ። አቡነ አረጋዊ አገር ሁሉ ሰፊ ሆኖ ሳለ ደብረ ዳሞ አናት ላይ ሠፈሩ፤ እስከ ዛሬ በገመድ ካልሆነ የማይወጣበት፣ ያውም ለወንድ ብቻ። ግማሹን ታዳሚ ከግርጌ የሚመልስ የቦታ ምርጫ በየትኛው የማርኬቲንግ መጽሐፍ ይገኛል? አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው ሲጸልዩ አንድ ቀን ላይቭ አልገቡም። እዚሁ ከበላያችን የካ ጋራ ላይ ዋሻ ሚካኤልን ከአለት የፈለፈሉትም ያን ሁሉ ድንጋይ ጠርበው ሲያበቁ የስማቸውን ባነር እንኳ ሳይሰቅሉ ሄዱ።

ወንጌላውያኑም ቢሆኑ ከዚህ ጥፋት ንጹሕ አይደሉም። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ያሰራጭ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ዜናና ትምህርት እያስተላለፈ ጊዜውን አባከነ። ደርግ በመጋቢት 1969 ወርሶ የአብዮት ልሳን እስኪያደርገው ድረስ «በዚህ መልእክት ለተባረከ በኮሜንት ይጻፍ» አላለም። ከዚያ በኋላ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፣ የወንጌላውያኑ መሪ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ፣ ምእመናን በየቤቱ መጋረጃ ዘግተው በሹክሹክታ ዘመሩ። ድምፅ ማጉያ የለ፣ ፔጅ የለ፣ ሎጎ የለ። በ1976ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ 5.5 በመቶ ነበር፤ በ1999ኙ ቆጠራ 18.6 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ኢንተርኔት አገር ውስጥ የገባው በ1989 ነው፤ በ1999ም ተጠቃሚው ከመቶ አንድ ሰው አይሞላም ነበር። እነዚህ ሰዎች ዌብሳይት ቢኖራቸው ኖሮ የት በደረሱ! ነው ወይስ እዚያው በቀሩ?

በ2015 ዓ.ም. የኦርቶዶክሱን ሲኖዶስ የነካው ውዝግብ በጋመበት የካቲት ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ተባሉ፤ እስከ ሐምሌም እንደዚያው ቆዩ። የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምም ፋሲካም የዋለው በእገዳው ውስጥ ነው። በባለሙያዎቹ ስሌት ቅጥሩ ባዶ መሆን ነበረበት። ሕዝቡ ግን ሪች መቋረጡን የነገረው ስላልነበር ሰሙነ ሕማማትን ሲሰግድ ከረመ።

ፌዙን ለጊዜው ልተወው። በየጠበሉ እየተቀረፀ ዩቲዩብ ላይ የሚለጠፈው «ሰይጣን ሲለፈልፍ» የሚባለው ቪዲዮ ያማል። እንጦጦ ጋራ ላይ የሰው ልጅ በሽታውን፣ ዕዳውን፣ የትዳሩን ገመና ይዞ የሚወጣው ከሰው ዐይን ለመራቅም ጭምር ነው። ራሷን የማታውቅ ልጅ ጠጉሯ ተበትኖ ስትጮህ ስልክ የሚደቅን ሰው አገልጋይ ነኝ ይላል። ከቪዲዮው ፊት በቀይ ፊደል «ጉድ! እስከ መጨረሻው ይመልከቱ» ይለጠፍበታል፤ መሐል ላይ ማስታወቂያ ይገባበታል። ልጅቷ ድና ሥራ ስትጠይቅ ቀጣሪዋ ቪዲዮውን አይቶታል። የወጣው ጋኔን አንድ ቦታ ሲሰደድ የቪዲዮው ግን መሰደጃ የለውም።

የምጽዋቱም ነገር ያው ነው። ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ እንዳያውቅ የሚያዘው ቃል አልተሻረም፤ ግራ እጅ ካሜራ ስለያዘ ብቻ ለጊዜው ታግዷል። «እማማ፣ ዘይቱን ትንሽ ከፍ ያድርጉት፣ ሎጎው አልታየም» ይባላሉ አሮጊቷ። ከፍ ያደርጉታል። አምስት ሊትር ዘይት በእሳቸው ክንድ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የሚጠይቅ የለም። «አሁን ደግሞ ፈገግ።»

ዌብሳይቱስ? እሱ እንኳ ለክፉ የማይሰጥ፣ ዝም ብሎ የተኛ ነው። ራእያችን፣ ተልእኳችን፣ እሴቶቻችን የሚሉ ገጾች አሉት፤ የፊት ገጹ ላይ ከኢንተርኔት የወረዱ ፈረንጆች ተቃቅፈው ይስቃሉ። የመጨረሻው ዜና ያለፈው ዓመት ገና ነው። የእሑድ ፕሮግራም «9:00» ይላል። አንድ አዲስ ሰው ይህን አምኖ በዘጠኝ ሰዓት ከች ቢል የሚያገኘው ዘበኛውን ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ የተባለው በፈረንጅ ሰዓት፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት ተጀምሮ አልቋላ።

ስክሪን ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ፋሲካ፣ ኮሮና ሰውን ቤቱ ባስቀመጠ ጊዜ ቅዳሴን በስክሪን የተከታተለ አልጋ ላይ ያለ በሽተኛ ምስጋናው እውነተኛ ነው። ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ፣ እሑድ እንኳ የማይፈቀድላት እህት በስልኳ ስብከት ብትሰማ ማን ይነቅፋታል? እሷን ቡስት አላመጣትም፤ ፈልጋ ነው የመጣችው።

ይህን የቤተ ክርስቲያን ማርኬቲንግ ፈሊጥ የቀዳንበትን ምንጭ ብንመረምር ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳድልባክ ቤተ ክርስቲያንን የመሠረተው ሪክ ዋረን 15 ሺህ ደብዳቤ መላኩ ለባለሙያዎቻችን የአምልኮ ያህል ነው። ከደብዳቤው በፊት ለሳምንታት የጎረቤት በር እያንኳኳ ሰዎች ለምን ቤተ ክርስቲያን እንደማይሄዱ መጠየቁን ግን ስላይዳቸው ላይ አላስገቡትም። የእኛዎቹ ደብዳቤውን ወሰዱ፣ በር ማንኳኳቱን ተዉት። ለነገሩ ይህን ሥራ ድሮ የንስሐ አባት ይሠሩት ነበር፤ በዓመት ውስጥ ቤት ለቤት ዞረው ጠበል ይረጫሉ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደቀረ ያውቃሉ። በኮሪደር ልማት ሰፈሩን ለቆ ኮንዶሚኒየም የገባውን ምእመን ተከታትሎ የሄደ አባት ስንት ነው? ፔጁ ግን አልተጎዳም፤ ፎሎወሩ ጨምሯል።

ቡስቱ እንደማይቀር አውቃለሁና ለአጥቢያው ኃላፊዎችም ለመጋቢዎቹም አንድ ልመና አለኝ። ዌብሳይቱን አትዝጉት። ራእዩንና ተልእኮውን አንሡና የአገልግሎቱን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ጻፉ፤ ከመገናኛ የሚመጣ ሰው የት እንደሚወርድ ጻፉ፤ ስልክ ቁጥር አስቀምጡ፣ ሲደወልም የሚያነሣ ሰው መድቡ።