ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የቀረበ የአድናቆት ደብዳቤ

ለተከበሩ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፤
አዲስ አበባ

በአቃቂ ወንዝ ግርጌ የምንኖር ሰዎች ስለ ትዕግሥትዎ ያለንን አድናቆት ሳንገልጽ ብንቀር ውለታ ቢሶች እንዳንባል ሰግቼ ይህችን ጦማር ልጽፍልዎ ተነሣሁ።

መነኩሴ ቆብ በደፋ ጊዜ የዓለም ስሙን ትቶ በአዲስ ስም እንደሚጠራ፣ በ1987 ዓ.ም. ባለሥልጣን ተብለው የተወለዱት ክቡርነትዎም በ2005 ሚኒስቴር፣ በ2011 ኮሚሽን፣ በ2014 ደግሞ ተመልሰው ባለሥልጣን ተብለዋል፤ መነኩሴው አንድ ጊዜ መንኖ ሲያበቃ እርስዎ ሦስት ጊዜ መመነንዎ ከዚህ ዓለም ሁካታ ምን ያህል የራቁ መሆንዎን ይመሰክራል። (በዚህ መካከል ማኅተም ቀራጩ መጠቀሙን አልዘነጋሁም፤ እሱም እንጀራ ይሻል።)

ትሕትናዎም ከዚህ አያንስም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299፣ ታላላቅ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት በአካባቢ ላይ የሚያደርሱት ተጽዕኖ እንዲገመገም ሲያዝ፣ ግምገማውን የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶዎት ነበር፤ ክቡርነትዎ ግን ከሥልጣን መሸሽ የጻድቃን ምግባር መሆኑን ስለሚያውቁ ይህንኑ ለየዘርፉ መሥሪያ ቤቶች በውክልና አስተላለፉት፤ በዚህም ምክንያት ማዕድን እንዲቈፈር የሚተጋው መሥሪያ ቤት የቁፋሮውን ጉዳት፣ ፋብሪካ እንዲበዛ የሚተጋውም የፋብሪካውን ፍሳሽ፣ ራሱ መርማሪ ራሱ ፈራጅ ሆኖ እንዲያይ ተደረገ። እንዲህ ያለው ዳኝነት ክርክር አያበዛምና ጊዜ ይቈጥባል። መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ባወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት ደንብ ለነባር ፋብሪካዎች የ5 ዓመት የእፎይታ ጊዜ ሲሰጥም፣ 5ቱ ዓመታት ካለፉ በኋላ ክቡርነትዎ ያሳዩት ርኅራኄ ከደንቡ በልጧል፤ ለወንዙ እፎይታ የሚሰጥ አንቀጽ ግን ብፈልግ አላገኘሁም።

ማለዳ ወደ ድልድያችን ቢወርዱ፣ ትናንት ጠቁሮ የነበረው ውኃ ዛሬ ቀልቶ፣ በላዩም ነጭ አረፋ ደርቦ ሲያልፍ ያዩታል። ገበሬው ሞተሩን አስነሥቶ ይህንኑ ውኃ ወደ ጎመኑ፣ ወደ ቆስጣውና ወደ ሰላጣው ይስባል፤ ሌላ ውኃ የለውምና አልወቅሰውም። የአቃቂን አትክልት የመረመሩ ሊቃውንት ለቆዳ ማልፊያ የሚውለውን ክሮሚየም በቅጠሉ ውስጥ አግኝተውታል፤ ስለዚህ ከላይ የተለቀቀው ነገር ከታች አይቀርም፣ በጆንያ ታስሮ በመኪና ወደ ከተማው፣ ምናልባትም ወደ ክቡርነትዎ ማእድ ይመለሳል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋ የሚከለከለው ምእመን፣ ሥጋውን ትቶ የቆዳውን ማልፊያ ከጎመን ጋር ይመገባል ማለት ነው፤ ይህ ጾም ያፈርስ እንደሆነ የነፍስ አባቴን ብጠይቃቸው፣ ነገሩ የመንግሥት እንጂ የቤተ ክህነት አይደለም ብለው መለሱልኝ።

በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንዲዋብ መታቀዱን ሰምተን ደስ ብሎናል፤ አፍንጫን ይዞ ለመቆምም ቢሆን የተነጠፈ ድንጋይ ከጭቃ ይሻላል።

እንግዲህ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፣ ማንም ሰው ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤት እንዲል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ስለ ፈቀደ፣ ይህ ደብዳቤ አቤቱታ ሆኖ መዝገብ ቤት ገቢ እንዲደረግልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ለማስረጃ አንድ ጠርሙስ ውኃ አያይዣለሁ፤ ተረካቢው አስቀድሞ መስኮት ቢከፍት መልካም ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፤
ለአባ ሳሙኤል ግድብ፣ ለአዋሽ ወንዝና ለቆቃ ሐይቅ
እንዲያውቁት፤ አባሪው በራሱ መንገድ ይደርሳቸዋል።