ያልቸኮለችው ኳስ

ቤዝቦል ለኔ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመው ሱሪያቸውን የሚያስተካክሉ ሰዎች ስብስብ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስኖር ቴሌቪዥኑን የማልዘጋው ለአንዲት ኳስ ስል ብቻ ነው። ቼንጅአፕ ይሏታል።

ወርዋሪው እግሩን ያነሳል፣ ፊቱን ያኮሳትራል፣ ክንዱን ልክ እንደ ፈጣኗ ኳስ ያወናጭፋል። ኳሷን ግን መዳፉ ውስጥ ወሽቆ ስለያዛት ከፈጣኗ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ቀንሳ ትመጣለች። መቺው ያለው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ኳሷን ሳይሆን ክንዱን ያምናል። ዱላውን ይሰነዝራል፣ ወገቡ ይዞራል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ እሷ ገና መንገድ ላይ ናት። በሚሊዮን ዶላር የሚከፈለው ጎረምሳ አየር መትቶ ሲንገዳገድ አጎቴ፣ «ይቺንማ እኔም እወረውራታለሁ» ይላሉ። ትከሻቸውን ስለሚያማቸው ጋቢያቸውን የምደርብላቸው እኔ ነኝ።

ከሷ የባሰች አለች፤ ኢፈስ። የፒትስበርግ ፓይሬትሱ ወርዋሪ ሪፕ ሱዌል እ.ኤ.አ. በ1941 መጨረሻ አደን ላይ ሳለ እግሩን በጥይት ተመታ፤ የእግሩ አውራ ጣት ስለተጎዳም አወራወሩን ለመቀየር ተገደደ። ከዚያ በኋላ ነው ኳሷን ወደ 7 ሜትር ገደማ ሽቅብ እየላከ መቺዎቹን ማሰቃየት የጀመረው። ፈጣን ኳስ ለማሰብ ጊዜ አትሰጥም። ይቺ ግን እስክትወርድ ሰውየው የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ነገ ጋዜጣው የሚለውን ሁሉ አስቦ ይጨርሳል። ተንኮሏም እዚያ ላይ ነው።

በ1946ቱ የኮከቦች ግጥሚያ፣ ቦስተን ፌንዌይ ፓርክ ላይ፣ መቺው ቴድ ዊሊያምስ ግን በሱዌል ኢፈስ አልታለለም። ወደፊት ተራምዶ ነረታትና ከሜዳ አስወጥቶ ባለ ሦስት ነጥብ ሆም ራን አደረጋት። እግሩ ከተፈቀደለት ሳጥን ወጥቶ እንደነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል። ዳኛው ዝም አሉ። 12 ለ 0 በሚያልቅ ግጥሚያ ማን ስለ እግር ይጨነቃል?

በ1975 ደግሞ፣ እዚያው ሜዳ፣ በወርልድ ሲሪስ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ የቦስተኑ ሬድ ሶክስ ሲንሲናቲን 3 ለ 0 እየመራ ሳለ ወርዋሪው ቢል ሊ ይቺኑ ዓይነት ኳስ ለሲንሲናቲው ቶኒ ፔሬዝ ወረወረለት። እየመራህ ምን አነካካህ? ፔሬዝ ተረጋግቶ ጠበቃትና በሜዳው ረጅም አረንጓዴ ግንብ ላይ አሳልፎ ላካት። ሬድ ሶክስ 4 ለ 3 ተሸነፈ። ያን ማታ ያቺ ኳስ የፈጠነችው ከሜዳ ስትወጣ ብቻ ነው።