አውራ ጣትና አቮካዶ፦ የብልሽት መንስኤ ጥናት

የአዲስ አበባ ሰው አቮካዶ የሚመረምርበት መሣሪያ አንድ ነው፤ አውራ ጣት። መብራት አይፈልግም፣ መለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። አሠራሩም ቀላል ነው፦ ገዢ ጉሊት ፊት ይጎነበሳል፣ አንዱን ያነሣል፣ ሆዱን ጫን ያደርጋል፣ ፊቱን ያጨፈግጋል፣ ይመልሰዋል። ቀጣዩ ያንኑ ያነሣል። ማታ ቤት ገብቶ ሲቆረጥ እዚህም እዚያም ጠቁሮ ይገኛል፤ ቤተሰቡም ጥፋቱ የሻጯ መሆኑን በሙሉ ድምፅ ያጸድቃል።

ሻጯ ግን «ለዛሬ ነው ለነገ?» ብላ ጠይቃ ነበር። በዘርፉ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ እስካሁን አልቀረበም። አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ አይበስልም፤ ከተቀጠፈ በኋላ ኤትሊን የሚባል ጋዝ እያወጣ ራሱን ያለሰልሳል። ገዢው «ለዛሬ» ይልና የተሰጠውን መልሶ ይጫናል። «ኧረ አትጨፍልቀው ወንድሜ፣ ሰው ይበላዋል!»

ቀለም አይቶ መፍረድም አያዋጣም። ሃስ የተባለው ዝርያ ሲበስል ይጠቁራል፣ ፉዌርቴ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይበስላል።

በአበሳሰል ረገድ ሊቃውንቱ ሁለት ጎራ ናቸው፦ ጤፍ ውስጥ የሚቀብሩና በጋዜጣ የሚጠቀልሉ። ሁለቱም ሳያውቁት ጋዙን ነው የሚያፍኑት። ጋዜጣው የመንግሥት ይሁን የግል ልዩነት አልታየም፤ ርዕሰ አንቀጹም ለብስለት ያበረከተው ነገር የለም። አንድ የበሰለ ሙዝ አብሮ ቢጠቀለል ግን ሥራው ይፋጠናል። ፌስታል ቋጥረው የሚያስቀምጡ ሦስተኛ ወገኖችም አሉ፤ እርጥበቱ ስለሚታፈን የሚያመርቱት ሻጋታ ነው።

ጮርቃውን ፍሪጅ የሚከት ሰው ለብቻው ሊጠና ይገባዋል። ብርድ ላይ የከረመ ጮርቃ ውስጡ ግራጫ ይሆናል፣ ከወጣም በኋላ በወጉ አይበስልም። ፍሪጅ ለበሰለው ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ያቆየዋል።

ግማሹን ከነዘሩ ማስቀመጥ እንዳይጠቁር ያደርጋል የሚለው የእናቶች ትምህርት በከፊል ተረጋግጧል፦ ዘሩ የተቀመጠበት ጉድጓድ አይጠቁርም፣ አየር አያገኘውምና። የቀረው ይጠቁራል። ሎሚ ቢቀባ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ላይ ላዩን የጠቆረው ቢፋቅ ከሥሩ አረንጓዴ ነው፤ ይበላል። ሻጋታ ከያዘ፣ የከረመ ዘይት ከሸተተ ወይም ሥጋው ዳር እስከ ዳር ቡናማ ከሆነ ይጣል።

ጁስ ቤት ይህን ምደባ አልተቀበለውም። እዚያ ለስላሳ ነው ወይም በጣም ለስላሳ ነው፤ ከላዩ ማንጎና ፓፓያ ተደርቦ ቪምቶ ከፈሰሰበት በኋላ አውራ ጣት የሚመረምረው ነገር አይተርፍም።

አንባቢ ሆይ፣ አቮካዶ በመዳፍ ይያዛል፤ መንካት ግድ ከሆነም ቀስ ተብሎ አንገቱ አካባቢ ነው። ሻጯ «ለነገ» ካለች ለነገ ነው።