የመደርደሪያው ጆሮ ጠቢ

ልጅን በምክር፣ በቁጣና በትዕግሥት ማሳደግ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የሚያውቅ ወላጅ ሁሉ፣ ከአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ለተገኘው መፍትሔ ከፍ ያለ ምስጋና ማቅረብ ይኖርበታል። መፍትሔው ቁመቱ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ቀይ ልብስና ሹል ቆብ ያጠለቀ፣ ዐይኖቹ በሰያፍ የሚያዩ፣ ጉልበቱን አቅፎ የሚቀመጥ አሻንጉሊት ነው። ስሙ «ኤልፍ ኦን ዘ ሼልፍ»፣ ማለትም በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ኤልፍ ይባላል፤ ኤልፎች በሰሜን አውሮፓ ተረቶች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ፍጥረታት ሲሆኑ፣ በአሜሪካውያን የገና ልማድ ደግሞ በሰሜን ዋልታ ለገና አባት የሚያገለግሉ ትንንሽ ሠራተኞች ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካሮል ኤበርሶልድ የተባሉ እናት ከልጃቸው ከቻንዳ ቤል ጋር የጻፉት የልጆች መጽሐፍ ከአሻንጉሊቱ ጋር በአንድ ሳጥን ታሽጎ ለገበያ ቀረበ፤ በ2012 ደግሞ ይኸው አሻንጉሊት በኒውዮርክ ከተማ በየዓመቱ በሚካሄደው የሜሲስ የምስጋና ቀን ሰልፍ ላይ ግዙፍ ፊኛ ሆኖ በሕንፃዎች መካከል ተንሳፈፈ። ከመደርደሪያ ተነሥቶ በሰባት ዓመት ውስጥ እዚህ ከፍታ ላይ የደረሰ ሹመኛ በየትኛውም ቢሮ በቀላሉ አይገኝም።

አሻንጉሊቱ የምስጋና ቀን ካለፈ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜም ዲሴምበር ሲጠባ፣ ወደ ቤት ይገባል፤ ልጆቹ ስም ያወጡለታል፤ ስም ሲወጣለትም አስማት ያድርበታል። ቀኑን ሙሉ ሳይናገርና ሳይንቀሳቀስ ሕፃናቱን ሲመለከት ይውላል፤ ቤተሰቡ ሲተኛ ወደ ሰሜን ዋልታ በርሮ ማን እንደ ታዘዘ፣ ማን ታናሽ እኅቱን እንደ ቆነጠጠ፣ ማን ጥርሱን ሳይቦርሽ ቦርሻለሁ እንዳለ ለገና አባት ያስረዳል፤ ሳይነጋ ተመልሶም ከትናንቱ የተለየ ቦታ ይይዛል። ሕፃናት እንዲነኩት አይፈቀድም፤ የተነካ እንደ ሆነ አስማቱ ይጠፋል። ዲሴምበር 24 ሌሊት ከአለቃው ጋር አብሮ ይሄድና እስከሚቀጥለው ዓመት አይመለስም፤ ይህ የመጨረሻው ደንብ ኋላ እንደሚታየው በአንዳንድ ቤቶች ብርቱ የአስተዳደር ችግር ፈጥሯል።

በኢትዮጵያ ያደገ አንባቢ ይህን አደረጃጀት ለመረዳት ልዩ ሥልጠና አያስፈልገውም። የአብዮት ጥበቃን ዘመን ያየ፣ ኋላም በኢሕአዴግ ጊዜ አንድ ሰው አምስት ሰዎችን እንዲከታተል በተዘረጋው አንድ ለአምስት በተባለው መዋቅር ውስጥ ያለፈ ትውልድ፣ የመደርደሪያውን ሹም ገና ከሩቁ ያውቀዋል። ልዩነቱ የጥራት ብቻ ነው። አንድ ለአምስት ስብሰባ፣ መዝገብና አንዳንዴም አበል ይፈልግ ነበር፤ ከሚከታተለውና ክትትል ከሚደረግበት መካከልም አንዱ የሌላው አማች ወይም የክርስትና ልጅ ሆኖ ሲገኝ ሪፖርቱ ይለዝብ ነበር፤ ኤልፉ ግን ዘመድ የለውም፣ ቡና አይጠራም፣ ይሉኝታ አያውቅም። ግምገማውም በየሌሊቱ፣ ያለ አንዳች ቀጠሮ ይካሄዳል። በስህተት አሻንጉሊቱን የነካ ሕፃን ለገና አባት የይቅርታ ደብዳቤ እንዲጽፍ፣ ከአሻንጉሊቱ አጠገብ ጥቂት ቀረፋ እንዲነሰንስና ቤተሰቡ ተሰብስቦ የገና መዝሙር እንዲዘምር ይመከራል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ፊደል ቆጥሮ ሳይጨርስ ግለ ሂስ መጻፍ መጀመሩ በፖለቲካ ትምህርት በኩል ታላቅ እድገት ሲሆን፣ ግለ ሂስን በቀረፋ ማጣፈጥ ደግሞ የቀድሞዎቹ ካድሬዎች ጨርሶ ያላሰቡት ማሻሻያ ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፓኖፕቲኮን የተባለ እስር ቤት ነድፈው ነበር፤ ይኸውም ክፍሎቹ ክብ ሠርተው በመካከላቸው አንድ የጥበቃ ማማ የሚቆምበት፣ እስረኞቹም ጠባቂውን ማየት ስለማይችሉ ኖረም አልኖረ ሁልጊዜ እንደሚታዩ ቆጥረው ራሳቸውን የሚገዙበት ሕንፃ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ለዓመታት ሲያመነታ ቆይቶ እቅዱን ተወው፤ ለቤንታምም በ1813 የ23,000 ፓውንድ ካሳ ተከፈላቸው። ፈላስፋው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ታግሠው ቢሆን ኖሮ በ30 ዶላር ገደማ፣ ያለ ማማና ያለ ግንበኛ፣ ያሰቡትን ሁሉ በአንድ ሳጥን ውስጥ ባገኙት ነበር። በ2014 ላውራ ፒንቶና ሰሌና ኔሞሪን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በካናዳ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አሻንጉሊቱ ሕፃናት ክትትልን እንደ ተራ ነገር እንዲቀበሉ ያለማምዳቸዋል ብለው ሲከራከሩ፣ ጨዋታ የማያውቁ ምሁራን ብሎ የሳቀባቸው ሰው ጥቂት አልነበረም። መሳቁም ተገቢ ነው፤ ከአልጋው ራስጌ ካሜራ የተተከለለት፣ በእጁም ያለበትን ቦታ ለወላጆቹ ስልክ የሚያሳብቅ ሰዓት የታሰረለት ሕፃን ከክትትል ጋር ለመላመድ አሻንጉሊት እስኪመጣለት አይጠብቅም።

እዚህ ላይ ለአገር ቤቱ ጅብ ፍትሕ መስጠት ያስፈልጋል። አልተኛም ያለ ሕፃን «ጅብ መጣ!» እየተባለ ባደገበት አገር የተወለደ ሰው፣ በባዕድ ማስፈራሪያ ላይ ምላሱን ለማስረዘም መብት የለውም ይባል ይሆናል። ነገር ግን አያ ጅቦ በእርግጥ ያለ እንስሳ ነው፤ ድምፁም ማታ ማታ ከአጥሩ ውጭ ስለሚሰማ እናት ማስረጃ ለማዘጋጀት አትገደድም። ከውጭ ሆኖ ያስፈራል እንጂ ቤት ገብቶ አይሰልልም፤ ልጁን እንቅልፍ ሲወስደው ሥራው ያበቃል፤ ስለ ልጁ ጠባይም ለማንም አይናገርም። ከሁሉም በላይ፣ እናት ሌሊት ተነሥታ ጅቡን ከጓሮ ወደ ሳሎን እንድታዛውር የሚጠይቃት የለም።

የኤልፉ ምስጢር ያለው በዚሁ በማዛወሩ ሥራ ላይ ነው። መጽሐፉ አሻንጉሊቱ በየጠዋቱ ቦታ ቀይሮ እንዲገኝ ብቻ ነበር የጠየቀው፤ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለጠፈው ፎቶግራፍ ግን ቦታ መቀየርን የሰነፍ ሥራ አደረገው። ስለዚህ የዛሬው ኤልፍ በጠረጴዛ ላይ በተነሰነሰ ዱቄት ተንጋሎ የመልአክ ክንፍ ሲሠራ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ገንዳ የዓሣ ቅርጽ ያለው ብስኩት ሲያጠምድ፣ ሳሎኑን በመጸዳጃ ወረቀት ሲጠመጥም፣ ወይም ማርሽሜሎ በሚባለው ለስላሳ ነጭ ከረሜላ በተሞላ ሳህን ውስጥ ገላውን ሲታጠብ ይገኛል። በዚህም ምክንያት ልጆቹን ሥርዓት እንዲያሲዝ የተቀጠረው ሠራተኛ በቤቱ ካሉት ሁሉ የባሰ ረባሽ ይሆናል፤ ማክሰኞ ዱቄት የደፋ ሕፃን ይቀጣል፤ ረቡዕ ዱቄት የደፋው ኤልፍ ፎቶ ይነሣል። ሕፃኑ ከዚህ የሚቀስመው ትምህርት በሌሎች ላይ ሪፖርት የሚያቀርብ ሰው በራሱ ላይ ሪፖርት እንደማይቀርብበት ነው፤ ይህን እውቀት ብዙ ጎልማሶች በከባድ ዋጋ እንደገዙት ሲታሰብ፣ በነፃ መሰጠቱ የሚናቅ አይደለም።

ዱቄቱን የሚጠርገው ማን እንደሆነ መጽሐፉ አይናገርም። ልጆቹ ተኝተው፣ የምሳ ዕቃ ታጥቦ፣ የነገው ልብስ ታጥፎ፣ ወላጅ ጎኑን ሊያሳርፍ ሲል የኤልፉ ጉዳይ ይነሣል፤ ከባልና ከሚስት አንዱ ትናንት ያሰበ እንደ ሆነ ዛሬ ተራው የሌላው ነው ይባላል፤ ከዚያም ሁለቱም ተማምነው ይተኛሉ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በርግጋ የምትነቃ እናት በባዶ እግሯ፣ መብራት ሳታበራ፣ ወለል ላይ የተበተነውን መጫወቻ እየረገጠች ወደ ሳሎን ትወርዳለች። ካልነቃች ደግሞ ጠዋት ማስተባበያ ያስፈልጋል፤ በዚህ ረገድ የወላጆች የፈጠራ ችሎታ ከማንኛውም የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይበልጣል። አንዳንዱ የኤልፉን እግር እንደ ጀሶ አድርጎ በነጭ ጨርቅ ይጠቀልልና ስለተሰበረ መብረር አልቻለም ይላል፤ በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ብዙዎች በመስታወት ማሰሮ ውስጥ ከትተው ለሁለት ሳምንት ለይቶ ማቆያ ገብቷል ብለው ዐርፈዋል፤ ከወረርሽኙ የተገኘ ሌላ በጎ ነገር ካለ በዚህ ልክ አልተወራለትም። ልጅን ፊት ለፊት አይሆንም ማለት የከበደው ወላጅ ቃሉን በአሻንጉሊት አፍ ሊያስነግር ሲነሣ፣ የአሻንጉሊቱ የሌሊት ተረኛ ሆኖ መቅረቱን ልብ የሚለው ብዙ ጊዜ ዲሴምበር ከተጋመሰ በኋላ ነው።

በኖቬምበር 2021 በዚያው በጆርጂያ የኮብ ካውንቲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ የነበሩት ሮበርት ሌናርድ፣ ኤልፉን ከአውራጃቸው የሚያባርር የፍርድ ቤት ትእዛዝ በቀልድ ጽፈው አሰራጩ፤ ሌሊት መንቀሳቀስ የረሳ ኤልፍ በሕፃናት ላይ የሚያደርሰውን ሐዘን ጠቅሰው፣ ትእዛዙ ለደከሙ ወላጆች የተሰጠ ስጦታ መሆኑን፣ ኤልፋቸውን የሚወዱ ግን ቢያቆዩት ችሎት በመድፈር እንደማይጠየቁ አስታወቁ። የዳኛው ጽሑፍ ቀልድ ነው፤ በገዛ ገንዘባቸው የገዙትን አሻንጉሊት ከቤት ለማስወጣት የፍርድ ቤት ማኅተም ሲያዩ እፎይ ያሉት ወላጆች ግን ቀልድ አልነበሩም።

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና ኢትዮጵያውያን በበዙባቸው ሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ልጆች የክፍል ጓደኞቻቸው ኤልፍ እያላቸው የእነርሱ ቤት ለምን እንደተዘለለ ይጠይቃሉ፤ ወላጆችም ልጄ ከማን ያንሳል ብለው ይገዛሉ። ይሁን እንጂ ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያት፣ ማለትም ክርስቶስን በተስፋ የጠበቁትን ነቢያት በማሰብ እስከ ገና ዋዜማ ድረስ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የማይቀመስበት ወቅት፣ ከኤልፉ መምጫ ጋር በቀናት ልዩነት ይገጥማል። ስለዚህ ሽሮ በሚንተከተክበት ወጥ ቤት ውስጥ ኤልፉ በወተት ቸኮሌት ክምር ላይ ተፈናጥጦ ይገኛል፤ ጾም አስከባሪ ነው እንዳይባል አስገዳፊ፣ አስገዳፊ ነው እንዳይባል ተቆጣጣሪ ሆኖ ወሩን ይገፋል። በሆስፒታል ወይም በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ንጋት ላይ የምትገባ እናት ካፖርቷን ሳታወልቅ ኤልፉን ከመጋረጃ ወደ ማቀዝቀዣ ታዛውራለች፤ ቢያንስ እርሷ ለዚህ ብላ ከእንቅልፏ አልተነሣችም።

ዋናው ችግር የሚመጣው ዲሴምበር 24 ነው። ኤልፉ ደንቡን አክብሮ ሲሄድ፣ የቤቱ ገና ደግሞ ታኅሣሥ 29፣ ማለትም ጃንዋሪ 7 ስለሆነ፣ በመካከል ያሉት ሁለት ሳምንታት ያለ ተቆጣጣሪ ይቀራሉ። በእነዚሁ ሳምንታት ትምህርት ቤት በአብዛኛው ዝግ ነው፤ ልጆቹም ስጦታቸውን ተቀብለዋልና መልካም ጠባይ ለማሳየት አንዳች ምክንያት አይታያቸውም። የኤልፉ የሥራ ዘመን በሰበካ ጉባኤ ውሳኔ እንዲራዘም፣ ወይም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሠራ፣ ጥበብ የለበሰ ተጠባባቂ እንዲሾም ካልተደረገ፣ አንዳንድ ወላጅ በዚህ ክፍተት ልጁን በገዛ አፉ ለመምከር ሊገደድ ይችላል፤ አደጋው በቀላሉ መታየት የለበትም።

የገና አባት መነሻ የሆነው የሜራው ጳጳስ ቅዱስ ኒቆላዎስ ታኅሣሥ 10 ቀን በስንክሳር ይታሰባል። ትውፊቱ እንደሚለው፣ ለሦስት የድሀ ልጃገረዶች ለመዳሪያቸው የሚሆን ወርቅ የሰጠው በሌሊት፣ በመስኮት ወርውሮ፣ ማንነቱ እንዳይታወቅ ተሸሽጎ ነበር። ልጃገረዶቹ በዚያ ሳምንት ክፍላቸውን ማጽዳታቸውን አስቀድሞ ስለማጣራቱ ትውፊቱ ዝም ይላል፤ የመረጃ አሰባሰቡ በዚያን ጊዜ ገና ስላልዳበረ ይሆናል። ያኔ የሚሸሸገው ሰጪው ነበር፤ ዛሬ ሰጪው በገበያ አዳራሽ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ፎቶ ሲነሣ፣ ምርመራ የሚቀርብበት ተቀባዩ ሆኗል።

ሥርዓቱ ተተኪ በማፍራት በኩልም አይታማም። ልጁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆነው፣ ይህም ቤተ ክርስቲያን ክፉና ደጉን ይለያል ብላ ጾም የምታስጀምርበት ዕድሜ መሆኑ ነው፣ አንድ የበጋ ቀን ሌላ ነገር ሲፈልግ አሻንጉሊቱን በእናቱ መሳቢያ ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ያገኘዋል። በዚህ ጊዜ ወላጆቹ ያፍራሉ ብሎ የሚጠብቅ ሰው መዋቅሩን አልተረዳም፤ ምስጢሩን የደረሰበት ልጅ ለታናናሾቹ ትንፍሽ እንዳይል ቃል ያስገቡትና ወደ አዛዋሪዎቹ ወገን ይቀላቅሉታል። ልጁም እስከ ትናንት ሪፖርት ሲቀርብበት የኖረ ሰው ሹመትን በሚቀበልበት ደስታ ይቀበላል። በመጀመሪያው ሳምንት ኤልፉን ታናሽ እኅቱ ከረሜላ ከደበቀችበት ቦታ አጠገብ ያስቀምጠዋል፤ በሁለተኛው ከረሜላውን ራሱ በልቶ በኤልፉ ያላክካል፤ በሦስተኛው ደግሞ ዝምታው ስንት ዶላር እንደሚያወጣ ከአባቱ ጋር መደራደር ይጀምራል።